ዕጩው ያቀፋት አሮጊት

"እናቴ የሞተችው የሰው ልብስ ስታጥብ ነው!..."

ክሊፎርድ ሃርግሮቭ ይህን ብሎ መሀረቡን አወጣ። እንባ ግን የለም...

ሰውዬው ለአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት አገረ ገዥነት ይወዳደራል። በየከተማው ባቡሩን ያስቆምና ከመጨረሻው ፉርጎ በረንዳ ላይ ሆኖ ይደሰኩራል። ሕዝቡም ይነፋረቅለታል።

ጋዜጠኛዋ ቨርና ደግሞ ከፎቶ አንሺዋ ጋር ከሥር ቆማ የምታስለቅስ አሮጊት ትፈልጋለች። የጋዜጣው አለቃ ፕሩይት "ዕጩው ምስኪን ሲያቅፍ ፎቶ ካላነሳችሁ እንዳትመለሱ" ብሏቸዋላ!

ከፊት አንዲት እናት ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ።

"እማማ፣ ይምጡ... ዕጩው ይቀፍዎት!"

"ኧረ ይቅርብኝ ልጄ!"

ቨርና መች ሰምታ! ገፋ ገፋ አድርጋ በረንዳው ላይ አወጣቻቸው።

ክሊፎርድ ሲያያቸው ፊቱ ዐመድ ሆነ። ካሜራው ግን ተደግኗል... አቀፋቸው። ጆሯቸው ሥር የሆነ ነገር አለ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ እሳቸው ሲወርዱ ባቡሩም ሄደ።

"እማማ፣ ለማያውቋት ሴት ሞት እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?"

"ልጄ... የሞትኩት እኮ እኔ ነኝ።"

ቨርና ክው አለች።

"ከስሎቫክ አገር መጥቼ ልብስ እያጠብኩ ነው ያሳደግኩት። አነጋገሬ ያሳፍረዋል... ስሙንም ቀየረ። አሁን ሲያቅፈኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ማን ነይ አለሽ?'"

ከዚያ እጇን ያዟት።

"እንዳትጽፊው አደራ... ይሸነፍብኛል።"

ቨርና ግን ደሟ ፈልቷል። ወደ ጣቢያው ስልክ ሮጣ ሁሉንም ለፕሩይት ነገረችው።

ፕሩይት በሳቅ ፈነዳ።

"ጎበዝ! 'ደጉ ዕጩ የማያውቃቸውን እናት አቀፈ' ብለሽ ጻፊ።"

"እውነቱስ?"

"እውነቱ እኔ ጋ ይቀመጥ። ካሸነፈ በኋላ ይጠቅመናል።"

"ሕዝቡ እኮ አምኖ ሊመርጠው ነው!"

"ይምረጠዋ! ሕዝቡ ይመርጠዋል... እኛ እናዘዋለን።"

ቨርና ሥራዋን አሰበች፣ የቤት ኪራዩን አሰበች... እንደታዘዘችው ጻፈች።

ሰውዬው አሸነፈ። ፕሩይትም ያሻውን ሁሉ ያስፈርመው ጀመር። ገዥ ተብዬው እምቢ ማለት ሲያምረው፣ "እናትህ ደኅና ናቸው?" ይለዋል በስልክ... ወዲያው ይፈርማል።

እናትየው ፎቶውን ከጋዜጣ ላይ ቆርጠው ግድግዳቸው ላይ ለጠፉት። ጎረቤት ሲጠይቃቸው እንዲህ ይላሉ...

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ሰውዬውን ግን አላውቀውም።"

እናቱን በቁሟ ቀብሮ ድምፅ የለመነ ሰው ለማንም አይመለስም። ነውሩን እያወቀ ለጥቅሙ የደበቀ ጋዜጣ ደግሞ ከእሱ የባሰ ወራዳ ነው!

እስቲ ፍረዱ... ቨርናን ብትሆኑ የእናትየውን አደራ ትጠብቁ ነበር ወይስ እውነቱን ታወጡት ነበር? ሳትሸፋፍኑ ከሥር ጻፉልኝ።