ባዶ ሙቀጫ

ሽንት ቤቶች መናገር ከጀመሩ ወዲህ በሽታ መደበቅ ቀርቷል። ውሃ ሲለቀቅ ውጤቱን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ዝም ማሰኘት በሕግ ክልክል ነው። ሐኪም ቤትም ያለ እነሱ ቃል በሽተኛ አይቀበልም።

ባለፈው ወር የእድር ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ሳለ የእኛው ጉደኛ «አቶ ይርዳው፣ ደም አይቻለሁ! ነገ ይደገም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ አባዬ ወደ ጎረቤት አሮጌ ጉድጓድ ሽንት ቤት መመላለስ ጀመረ። የሽንት ቤት ነጠላ ጫማው ደርቆ አቧራ ለበሰ።

ዛሬ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲቀመጥ አየሁትና አፋጠጥኩት።

«አባዬ፣ ቶሎ ቶሎ ያስቸኩልሃል፤ ስትሄድ ግን ትንሽ ደምና ንፍጥ ብቻ ነው አይደል?»

«አንቺ ባለጌ! ማን ነገረሽ?»

«የባዮሎጂ መጽሐፌ። የትልቁ አንጀትህ መጨረሻ ተቆጥቶ ይሆናል። ይታከማል እኮ፤ ዝም ካልከው ግን ይብስብሃል።»

«እትዬ ጥሩነሽ ሳሎን ናቸው» አለ በሹክሹክታ። «እሳቸው ከሰሙ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ ማለት ነው።»

«እሱን ለኔ ተወው። አንተ ብቻ ሽንት ቤታችን ግባ!»

ሙቀጫውን ሳሎን መሃል አምጥቼ መውቀጥ ጀመርኩ። ቤቱ ተናጋ። እትዬ ጥሩነሽ ጆሯቸውን ይዘው «ኧረ ቀስ! በርበሬ ነው?» ብለው ጮኹ።

«በጣም ደረቅ ነው፣ እትዬ!» አልኩና ይባስ ብዬ ወቀጥኩ።

አባዬ ወጣ። ነጠላ ጫማው ውሃ ያንጠባጥባል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መቆጣት ነው አለ፤ ነገ ሐኪም ቤት እቀርባለሁ» አለኝ። ከዚያ ሙቀጫውን ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ አመለጠው።

ውስጡ ምንም አልነበረም።