የተቀበረችው ላም ጆሮ

"ትንሽ ወደ ራሷ በኩል ቆፍሩ" ይለናል መዝጋቢው፣ አፍንጫውን በመሀረብ አፍኖ፣ ነፋስ ከማያገኘው ጥግ ቆሞ። የምንቆፍረው በራሷ በኩል መሆኑን ለማየት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ጠጋ ማለት ደግሞ ጫማ ያበላሻል።

ጎርፉ ላማችንን የገደላት ቀን የእንስሳት ሐኪሙ ሲሮጥ መጥቶ "ዛሬውኑ ቅበሩ፣ ኖራ ነስንሱበት፣ ያልቀበረ ይቀጣል" አለን። ቀበርን። መንደሩ በሙሉ ቀበረ። ዛሬ የእርዳታ ቢሮው ይሄን ሰውዬ ላከ። ከብት ለሞተበት ገበሬ መንግሥት ካሳ ይሰጣል፤ ግን ጆሮዋ ላይ የተሰካው ቢጫ ቁጥር ካልታየ ላም ነበረችኝ ማለት አይቻልም። ሐኪሙና እሱ የሚሠሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት የሚገቡትም በአንድ በር ነው።

ገና ሲመጣ "ቅበሩ ያለንን ሐኪም ለምን አትጠይቀውም?" ብዬው ነበር።

"እሱ ሌላ ክፍል ነው፣ እህቴ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል።"

ያለ ካሳው ሌላ ላም አንገዛም፤ ያለ ላም ደግሞ እኛ ቤት ገቢ የሚባል ነገር የለም። ጥርሴን ነክሼ አካፋ አነሳሁ። አባዬም አነሳ። ወገቡን እንደሚያመው ስለማውቅ ልቀበለው ብል እምቢ አለኝ።

"በጡጦ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እኔው ላውጣት።"

ሽታው ከእሷ ቀድሞ ይወጣል። አባዬ ቀና ብሎ፣ በዕድሜ የልጅ ልጁ የሚሆነውን ሰው አንቱ እያለ፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ሸተተብዎት" ይላል።

ደሜ ይፈላል። ጎርፉ ሲመጣ እንኳ እንዲህ አልተናደድኩም። አካፋውን የት እንደማሳርፈው ለአፍታ ግራ ይገባኛል፤ መልሼ አፈሩ ላይ አሳርፈዋለሁ።

አባዬ ተንበርክኮ አፈሩን ከፊቷ ላይ በእጁ ይጠርጋል። ጆሮዋን ያገኛል። ቢጫውን ፕላስቲክ በቢላ አላቅቆ፣ በገዛ ሸሚዙ ወልውሎ፣ በሁለት እጁ ለመዝጋቢው ይዘረጋለታል።

"አይ፣ አይ፣ እርስዎ ይያዙት" ይላል መዝጋቢው ወደ ኋላ እያለ። "ከፊትዎ አጠገብ ያድርጉት። ፊትዎም መታየት አለበት።"

ስልኩን ያወጣል። አባዬ ፎቶ ሊነሳ ሲል ሁሌ እንደሚያደርገው፣ በዚያ በጨቀየ እጁ ኮሌታውን ያስተካክላል። እኔ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞራለሁ።

"ተመዝግበዋል፣ አባት" ይላል መዝጋቢው። "ሁሉም እንደናንተ ቢተባበር ሥራችን እንዴት በቀለለ።"

ጎረቤታችን አጥሩ ጋ ቆማ ስታየን ኖሯል። እሷ የቀበረችው ሁለት ላሞች ነው፣ አንደኛዋ እርጉዝ ነበረች። ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቦት ጫማ ታጠልቅና ወደ ጓሮዋ ትሄዳለች።

ወዲያው የአካፋ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ከታችኛው ቤት። ቀጥሎ ከወንዙ ማዶ፣ ከየጓሮው።