ለሁሉም የተፈቀደ

አንድ ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩታል። አንደኛው በዚሁ ሥራ ሠላሳ ዓመት ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ፊልሙ ለሁሉም፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ወይም ከአሥራ ስምንት በላይ ይባል ዘንድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በውሳኔ ከተለያዩ የአንጋፋው ይጸናል። ስላዩት ነገር እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ደንቡ ይከለክላል።

ወጣቱ እያንዳንዱን ትዕይንት ከነደቂቃው ይመዘግባል፤ ከዚያም በትክክል መመዝገቡን ይጠራጠራል። አዛውንቱ ማስታወሻ ይዘው አያውቁም። ውሳኔያቸውን በቃል ይናገራሉ፣ ቅጹን ወጣቱ ይሞላል።

«አንተ ጻፈው የኔ ልጅ፣ የኔ እጅ ሰንፏል» ይሉታል።

ሲኒማው በር ላይ የሚውሉት ጎረምሶች «አሥራ ስምንት» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ኮሜዲ ከልክለዋቸው ነበር። በኮሜዲው ውስጥ ሰዎች ከተዘጋ በር ጀርባ ሲያቃስቱና ሲጯጯሁ ይቆያሉ፤ በሩ ሲከፈት ቁም ሣጥን ሲያነሱ ነው የሚገኙት። ከተማው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አዛውንቱ አዲስ ልማድ አመጡ። ፊልሙ ሲያልቅ የፊልም አጫዋቹ ክፍል ገብተው በሩን ዘግተው ይቆያሉ፣ ውሳኔያቸውን የሚናገሩት በማግሥቱ ነው። ሁለቱ ምን እንደሚያወሩ ወጣቱ አያውቅም። ቀኑንና ሰዓቱን ግን መዝግቦ ይይዛል።

አንድ ዓርብ ጠዋት አዛውንቱ እንደ ሁልጊዜው ከሴት ልጃቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው መጡ። አንዱ ጎረምሳ መንገድ ላይ ተገተረ።

«ጋሼ አሥራ ስምንት፣ እስቲ ጢሜን ይዩልኝ። አሁንም አልደረስኩም?»

ጓደኞቹ ሳቁ። አዛውንቱ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት አለፉ። ንቀት ነው ሲል ወጣቱ አሰበ።

የዕለቱ ፊልም ሐይቅ ዳር ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ነበር። አጫዋቹ ታሞ ስለቀረ ፊልሙን ያስኬደው የሲኒማው ባለቤት ራሱ ነው። በማግሥቱ ለሕዝብ ስለሚከፍተው ውሳኔውን እዚያው እንዲሰጡት ለመናቸው። ወጣቱ ማስታወሻው ላይ «ከአሥራ ስምንት በላይ» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮ ነበር።

አዛውንቱ ከወንበራቸው ሳይነሱ መለሱለት።

«ለሁሉም» አሉ። «ዋሽንቱ እንዴት ደስ ይላል።»

የወጣቱ እስክሪብቶ ቆመ። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለ በልቡ። ከዚያ «ለሁሉም» ብሎ ሞላ። ሲወጡ የሲኒማው ባለቤት የአዛውንቱን ክንድ ይዞ፣ ጆሯቸው ሥር እያንሾካሾከ፣ ደረጃውን እስከ ታች ድረስ አወረዳቸው። ወጣቱ ይህንንም መዘገበ።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ትምህርት ቤት አርባ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ይዞ መጣ። ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የፊልሙ ቤተሰብ እናት ሐይቁ ሥር ሰጥማ ትታያለች። ዓይኖቿ ተገልጠዋል፣ ፀጉሯ ይንሳፈፋል። ካሜራው አራት ደቂቃ ሙሉ ከፊቷ ላይ አይነሳም። የሚናገር የለም፣ የሚያለቅስም የለም፤ ዋሽንት ብቻ ይሰማል።

ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በዝምታ ወጡ። አንዷ ውሃ ሥር ሆኖ ማየት ይቻል እንደሆነ መምህሯን ጠየቀች። አንዱ እስከ ረቡዕ አልተናገረም። መምህሯ ይህን ሁሉ ጽፋ ለመሥሪያ ቤቱ ላከች።

ወጣቱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ምንም አልተሰማውም። ቁጭ ብሎ የመዘገበውን በሙሉ በቀን በቀኑ ገለበጠ። የተዘጋውን በር፣ የተያዘውን ክንድ፣ ስለ ዋሽንቱ የተባለውን አስገባ። ሪፖርቱን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሳያመነታ ሰጣት። ይህ ራሱን ገረመው።

ኃላፊዋ ሁለቱንም ጠራቻቸው። አዛውንቱ በክብር ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸው ነበር። የመሸኛው ድግስ ከአሁኑ ሲወራለት ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ትዕይንት አይተውታል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ፊልሙ እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

«የሲኒማው ባለቤት ምን ሰጠዎት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ለሁሉም አሉ?»

አዛውንቱ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ኃላፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያላቸውን ምርጫ ነገረቻቸው። ከሲኒማው ባለቤት ጥቅም ማግኘታቸውን አምነው ከፈረሙ ነገሩ እዚሁ ያበቃል፣ ዛሬውኑ ሥራውን ይለቃሉ። ካልፈረሙ ነገ ኮሚቴው ባለበት ፊልሙ እንደገና ይከፈታል። በየመሀሉ እየቆመ፣ በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ምን እንዳዩ ያስረዳሉ።

አዛውንቱ ፊታቸው ተለዋወጠ። ወጣቱ ይህን አየ።

«ሰው ሁሉ ባለበት?» አሉ።

«ሰው ሁሉ ባለበት።»

«እንግዲያው ልፈርም።»

«ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ያቆዩት ስም ነው። መጀመሪያ ያንብቡት።»

ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ወደ ፊታቸው አስጠግተው ያዙት፤ አምስት መስመር ለማንበብ ከሚበቃው በላይ ቆዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ተስማምቻለሁ» አሉ።

ንጹሕ ሰው እንዲህ አይስማማም ሲል ወጣቱ አሰበ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተጠራጠረም።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ በጣቷ ጠቆመች። «እዚህ ጋ» ብላ እስክሪብቶውን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

አዛውንቱ ጎንበስ አሉና፣ ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ርቀው፣ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ስማቸውን አሳምረው ፈረሙ።