የሃረጎት ፍሬን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ልደታ ሰፈር። አቶ ገብረሊባኖስ የልጃቸውን የሃረጎትን አሮጌ ፊያት ያድሳሉ። ልጁ ከታሰረ ሦስት ወሩ ነው። ለተሃይማኖት የተባለችው ሚስታቸው በየቀኑ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ትወስዳለች፤ ጠባቂዎቹ ስንቁን እስከተቀበሏት ድረስ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ጎማውን ቆንጥጠው የሚያቆሙትን የፍሬኑን ካሊፐሮች ዝገት ፍቀው፣ ቀለም ቀብተው መልሰው ገጠሙ። የቀረው በፍሬን ዘይቱ መስመር የገባውን አየር ማስወጣት ነበር። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ “ልቀቅ” እስኪባል ይይዛል፤ ሌላው ከሥር የማስተንፈሻውን ብሎን ይፈታል፤ ፔዳሉ ካልተረገጠ ዘይቱ በኃይል አይወጣም። ሁልጊዜ የሚረግጠው ሃረጎት ነበር። ሽማግሌው ከመኪናው ሥር እንደተኙ፣ በልማድ “ርገጥ!” ብለው ብሎኑን ፈቱ።

ዘይቱ ፊታቸው ላይ ተረጨ።

“ይዣለሁ አባባ፤ ቶሎ ይበሉ፣ እግሬን ያመኛል” አለ የልጃቸው ድምፅ ከላይ።

የግቢው በር ተከፈተ። ለተሃይማኖት ስንቁን እንደታቀፈች ቆማለች።

“አልተቀበሉኝም” አለች።

ሽማግሌው ከሥር ወጥተው መኪናው ውስጥ አዩ። ማንም የለም። ፔዳሉ ግን እስከ ወለሉ ተረግጦ ቆሟል።