የአባቷ ጥርስ

«በየትኛው ልትሞዪው ነው?» አለ አባቷ፣ የሕክምና ወንበሩ ላይ ተንጋሎ። ማደንዘዣው ገና መያዝ መጀመሩ ነው።

«በሞቀው ጎማ» አለች ጓንቷን እያጠለቀች።

አባቷ አርባ ዓመት የጥርስ ሐኪም ነበር። ይህን የሕክምና ክፍል የተወላትም እሱ ነው። የጥርስ ሥር ሲሞላ ምንጊዜም በቀዝቃዛው ነው፤ ቀጫጭን የጎማ ዘንጎች አንድ በአንድ ይከታል፣ በሹል ብረት ወደ ጎን ይጠቀጥቃል፣ ደግሞ ሌላ ይጨምራል። እሷንም ያስተማራት ይህንኑ ነው።

«ቀዝቃዛው የት እንደቆመ ታውቂዋለሽ» አለ። «የሞቀ ይፈስሳል። የፈሰሰ ደግሞ አይታፈስም።»

«አምና እንዳልከኝ በቀዝቃዛው ሞላሁት አባዬ። ይኸው መልሶ መገለ። ዘንግ የማይደርስበት ጥግ አለው።»

«ከሥሩ በታች ምን እንዳለ አልነግርሽም።»

መንገር አያስፈልገውም። ወደ ከንፈር የሚሄደው ነርቭ እዚያው ሥር ነው። የቀለጠው ጎማ ትንሽ ካለፈ የአባቷ ግማሽ ከንፈር ደንዝዞ ሊቀር ይችላል። ዛሬም ካልተሳካ ደግሞ መንቀል ነው፤ ከተነቀለ፣ እሱን ተደግፈው የቆሙት ሦስት ሰው ሠራሽ ጥርሶች አብረው ይሄዳሉ።

«ሌላ ሐኪም ጋ ልላክህ?»

«እጅሽን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሥሪ» አለና አፉን ከፈተ።

አጠገቧ የቆመችው ነርስ የጋለውን ብረት አቀበለቻት። ብረቱን ሥሩ ውስጥ ካለው ጎማ ላይ አሳርፋ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ በልቧ ቆጥራ አወጣችው፤ የቀለጠውን ጎማ በሌላ ብረት ተጫነችው። ቀዝቃዛው ለእጅ መልስ ይሰጣል፤ ይሄኛው ዝም ብሎ ወደ ታች ይሄዳል። የት ድረስ እንደሄደ እጇ አልነገራትም። የአባቷ ጣቶች የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። ዓይኑ አልተከደነም፤ እጇን ይከታተላል።

ራጁ ተነሳ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ እስኪመጣ ድረስ ቀና አላለችም።

የጎማው ነጭ መስመር ከሥሩ ጫፍ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ቆሟል። ከመሃሉ ግን ፀጉር የምታክል ክር ወደ ጎን፣ ዘንግ ወዳልደረሰበት ጥግ ወጥታ፣ መግሉ ከነበረበት ቦታ ደርሳ ቆማለች።

አባቷ ተነስቶ መነጽሩን አደረገና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «አላለፈም እኮ አባዬ፣ እየው» አለች።

«አላለፈም።» ጣቱን ክሯ ላይ አሳረፈ። አፉ ስለደነዘዘ ቃሉ ይኮላተፋል። «እናትሽንም እዚሁ ጋ ነበር የሚያማት። ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛው ሞላሁት። ‹ጥርሱ ደህና ነው፣ አንቺ ነሽ የምታበዢው› አልኳት። በአራተኛው ነቀልኩት።»

ነርሷ ስክሪኑን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አለቻት ልጅቷ።

አባቷ የወረቀቱ ፎጣ ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጣቱን ከክሯ ላይ ሳያነሳ ቆሟል።