ጓሮ ሰው የለም

"ከጓሮ በኩል ሰው አለ?"

የጠየቀችው ሪሀና ናት... ለሆቴሉ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የምትመርጥለት ኢንጂነር።

"ማንም የለም" አለ ኻሊድ፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ።

ኻሊድ ወሎ ሰፈር አዲስ ሆቴል ሊከፍት ጥድፊያ ላይ ነበር። የሆቴሉ ፊት ሙሉ መስታወት ነው... ቀን ፀሐይ ሲያርፍበት ያፍናል፣ ጠዋት ደግሞ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል።

"እና ምን ይሻለኛል? ኤሲ ላስገባ ወይስ በየክፍሉ ሂተር ልሰካ?"

"ያሳየኸኝ ኤሲ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው የሚያውቀው። በየክፍሉ ሂተር ከሰካህ ደግሞ የመብራቱን ቢል አትችለውም። ላንተ የሚሆነው ሂት ፓምፕ ነው።"

"ፓምፕ?! የውሃ ፓምፕማ ገዝቼ የለ እንዴ!"

ሪሀና ሳቀች።

"የውሃ አይደለም፣ የሙቀት ነው። ከውጭው አየር ላይ ሙቀቱን እየሳበ ወደ ክፍሎችህ ያስገባል። ቀን ሲሞቅ ደግሞ ገልብጦ ያስወጣልሃል። ሙቀቱን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ስለሆነ ሥራው፣ እንደ ሂተር መብራት አይበላም።"

"ውጭውስ?"

"ውጭውማ ይበርዳል። ማሽኖቹ ክፍሎችህን ሲያሞቁ ወደ ውጭ ቀዝቃዛ አየር ነው የሚተፉት። ለዚህ ነው ጣሪያ ላይ ይሁኑ የምልህ።"

ጣሪያውማ አይነካም! እዚያ ሬስቶራንት ነው ያሰበው... ቦሌን ቁልቁል እያዩ የሚበላበት።

"የጓሮው ግድግዳ ላይ ስቀያቸው በቃ። እዛ ማን ያየዋል?"

"ማን ያየዋል አላልኩህም... ሰው አለ ወይ ነው ያልኩህ።"

"ነገርኩሽ እኮ፣ የለም!"

እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሆቴል ቤት የዋለ ሰው ቋንቋው ሌላ ነው። "ሰው አለ?" ማለት እንግዳ አለ ወይ ማለት ነው። "ዛሬ ሰው የለም" ማለት ገበያ ሞቷል ማለት ነው። ኻሊድም ውሎ አድሮ "ሰው" ሲባል አልጋ የያዘ ብቻ ነበር የሚታየው።

ሪሀና በሌለችበት፣ በኻሊድ ሠራተኞች እጅ ማሽኖቹ ጓሮ ተሰቀሉ። ሆቴሉ ተከፈተ። ክረምቱም ገባ...

እንግዳው ከዝናቡ እየተንቀጠቀጠ ይገባና "ኡፍፍ... ቤቱ እንዴት ደስ ይላል!" እያለ ኮቱን ያወልቃል። ኻሊድ ሪሴፕሽን ቆሞ ፊቱ ይፈካል።

በዚያው ሰሞን እናቱ ወይዘሮ መኪያ ደወሉ።

"ኻሊዴ... ብርዱ ዘንድሮ ጠናብኝ።"

"ክረምት ነዋ እማዬ። ብርድ ልብስ እልክልሻለሁ።"

በጥበቃው በገሰሰ እጅ ላከላቸው።

ደግመው ደወሉ። አሁን ሳል አለ።

"እንዲያው የሆነ ነገር እላዬ ላይ እፍ የሚልብኝ ነው የሚመስለኝ..."

"እድሜ ነው እማዬ። ብቅ ብዬ አይሻለሁ።"

"መቼ ልጄ?"

"ትንሽ ሰው ሲቀንስ።"

"አብሽር... አንተ ብቻ ሥራህ ይሳካልህ።"

ሰው አልቀነሰም። ኻሊድም ብቅ አላለም። ብርድ ልብስ ግን ጨመረ... እሱስ አይታማም!

አንድ ቀን ሪሀና ማሽኖቹን ልታይ መጣች። ትንሽ ቆይታ ደወለችለት።

"ኻሊድ፣ ጓሮ ነኝ። እዚህ ሰው የለም አላልከኝም ነበር?"

"አዎ... ምነው?"

"ከማሽኖቹ ፊት ለፊት በር አለ። ብርዱ በቀጥታ በሩ ላይ ነው የሚነፍሰው። ደጃፉ ከማሽኖቹ በሚንጠባጠበው ውሃ ጨቅይቷል። ውስጥ አንዲት እናት ያለ የሌለ ብርድ ልብስ ደራርበው ይንቀጠቀጣሉ... ሳላቸው ደግሞ አያድርስ ነው! ማን ናቸው?"

ኻሊድ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ከወንበሩ ተነሳ።

"ኧረ ስማኝ! ማን ናቸው?"

"...እናቴ ናት።"

አዎ... የወይዘሮ መኪያ ቤት ሩቅ አልነበረም። እዚያው ግቢ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ካለችው ሰርቪስ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሆቴሉ የቆመው እሳቸው ወልደው ባሳደጉበት ቤት ቦታ ላይ ነው። "ለልጄ ይሁን" ብለው አስፈረሱት። "ሲያልቅ የራስሽ ክፍል ይኖርሻል" ብሏቸውም ነበር።

አለቀ... ክፍሉ ግን ሁሌም ሰው ነበረበት።

ኻሊድ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። የጓሮውን በር ሲከፍት ብርዱ ፊቱን መታው። "ውጭውማ ይበርዳል" ብላው ነበር... ውጭው የእናቱ ደጅ ነበር።

"ገሰሰ! ማሽኑን አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!"

ወይዘሮ መኪያ እጁን ያዙት። እጃቸው በረዶ ሆኗል።

"ኧረ አታስጠፋው ልጄ... ላይ ሰው አለ።"

ኻሊድ እዚያው እንደ ሕፃን አለቀሰ... ግን ምን ዋጋ አለው!

ሐኪሙ ሳንባቸውን አዳምጦ "እስካሁን ምን ስትጠብቁ ነበር?" ብሎ ተቆጣ።

ማሽኖቹ ጣሪያ ወጡ፤ ሬስቶራንቱ ቀረ። ወይዘሮ መኪያ ግን እስካሁን ሆስፒታል ናቸው። ኻሊድ ከአልጋቸው አጠገብ አይጠፋም።

በቀደም ከሪሴፕሽን ተደወለለት።

"አለቃ፣ ሆቴሉ ሞልቷል። ያቺን ለእማማ ያዘጋጀናትን ክፍል ለእንግዳ እንስጣት? ባዶ እኮ ናት።"

"አይቻልም" አለ፣ እናቱን እያየ። "ሰው አለባት።"

ወገኖቼ... ሙቀት ከሆነ ቦታ ተወስዶ ነው የሚመጣው። እኛ ሞቆን ስንቀመጥ ብርዱ ወደ ማን እየነፈሰ እንደሆነ ዞር ብለን እንይ። ብዙ ጊዜ ከጓሮ ያለው፣ ቤቱን አፍርሶ ለኛ የሰጠን ሰው ነው።

እናንተስ... "ትንሽ ፋታ ሳገኝ እመጣለሁ" ያላችሁት ማንን ነው? ኮመንት ላይ ንገሩን።

ኧረ ቆይ... መጀመሪያ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩአቸው። ስልክማ ኻሊድም ያነሳ ነበር።