መርዶ ያልገባበት ቤት

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ አዛውንቶች ትዝታቸውን እንዲይዝላቸው ከጆሯቸው ጀርባ የተተከለላቸው ቺፕ «ጠባቂ» ይኑረው አይኑረው መመዝገብ ነው። ጠባቂ በሌለው ቺፕ ላይ አዲስ ነገር ሲገባ አሮጌ ትዝታ ይደመሰሳል።

እትዬ ደብሪቱ በር ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ አደራሽን፣ ለባለቤቴ አዲስ ወሬ እንዳታወሪ። ወንድሙ ይመኑ ካረፈ ዓመት አለፈው። መርዶው ገብቶ የይመኑን ትዝታ እንዳያጠፋበት ፈርቼ አላረዳሁትም።»

ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ የለም። ጎረቤትም አይገባም።

መሣሪያዬን ወደ ጋሽ ወርቅነህ ጆሮ አስጠጋሁ። ጠባቂው አለ። ቺፑ ከተሠራ ጀምሮ ነበረ፤ የተከለው ሰው ሳያበራው ሄዷል፣ ከዚያ ወዲህም ያየው የለም። በንዴት አበራሁት፤ ከእንግዲህ አዲስ ነገር አሮጌውን እንደማይደመስስባቸው ለእትዬ ደብሪቱ ነገርኳቸው።

እትዬ ደብሪቱ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከባላቸው ፊት ቆሙ።

«ወርቅነህ፣ ይመኑ አርፏል።»

ጋሽ ወርቅነህ ብዙ አለቀሱ። ሚስታቸው የባላቸውን ከንፈር ከንፈር ያያሉ።

«ወንዙ ሲሞላ በትከሻው ያሻገረኝ እሱ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ደብሪቱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ስወጣ ጋሽ ወርቅነህ እጄን ያዙኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ለማን እንደማለቅስ እያወቅኩ አለቀስኩ።»